ከሥዕሉ ግርጌ ወደ ሸራው ፊት፦ ባልና ሚስት በሰሜን ሸዋ የሥዕል ታሪክ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሥዕል ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። የሚሥለው ሠዓሊ ነው፤ የሚያሠራው ደግሞ ስለት ያለበት፣ ሀብት ያፈራ ወይም የሞተ ወገኑን ነፍስ የሚያስብ ምእመን ነው። ባልና ሚስት ወደዚህ ሥራ የሚገቡት በአሠሪነት ነበር። ወጪውን ይችላሉ፤ ስማቸው ከሥዕሉ ሥር ይጻፋል፤ አንዳንዴም መልካቸው በግርጌው ይሣላል። ብሩሽ ግን አይጨብጡም። ዛሬ በአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከሥራ በኋላ አብረው ሄደው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሥዕል ሠርተው ወደ ቤታቸው ይዘው ይመለሳሉ። ብሩሹ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው እጅ ወጥቶ እነዚህ ጥንዶች እጅ እስኪገባ ድረስ ያለፈበት መንገድ ከአንኮበርና ከሰላሌ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል።

ደጋውና አብያተ ክርስቲያናቱ

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በሰሜን ሸዋ ይገኛሉ። መንዝ በሦስት ምድር ይከፈላል፤ እነዚህም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ናቸው። በምሥራቅ ደጋው ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ግሼ በሰሜን በኩል ትዋሰነዋለች። መርሐቤቴ፣ መናገሻዋ ዓለም ከተማ፣ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች የተከበበች ናት። ብዙው የመንዝ መሬት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ስለሆነ ብርዱ ጽኑ ነው። ሸለቆዎቹ ጥልቅ፣ መንገዱም አስቸጋሪ በመሆኑ አገሩ ለወራሪም ሆነ ለአዲስ ነገር በቀላሉ የሚደረስ አልነበረም።

ለአካባቢው የሥዕል ታሪክ መነሻ የሚሆነው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነግሠዋል። በ1450ዎቹ አጋማሽ በሰማይ ላይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ተቀመጡ። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት፣ የእመቤታችንን በዓላት ያበዙትም እርሳቸው ናቸው። ይህ ሥርዓት የማርያምን ሥዕል ፈላጊ አበዛ። በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለ የእንጨት ሥዕል ላይ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ በዚሁ ንጉሥ ዘመን እንደሠራው ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕል የሠሪው ስም መታወቁ ብርቅ ነው። አብዛኛው ሠዓሊ ስሙን ሳይተው አልፏል፤ የአሠሪው ስም ግን በብዛት ተጽፏል።

ከዚህ ዘመን በሸዋ የተረፈው ጥቂት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት በርካታ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ከነንዋየ ቅድሳታቸውና ከነሥዕሎቻቸው ተቃጥለዋል። የሸዋው ገዳም ደብረ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1531 ነደደ። አካባቢው እንደገና የቀናው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን መሳፍንት ሥርወ መንግሥት ከመሠረተ በኋላ ነው። ተከታዮቹ ግዛታቸውን እያሰፉ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በደረሱበትም ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ጽላት፣ መጽሐፍና ሥዕል ይሻል። የሠዓሊው ገበያ የሚቆመው በዚህ ነበር።

ሠዓሊ የሚወጣበት መንገድ

ሠዓሊነት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አልነበረውም። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጎን የሚቀሰም ሙያ ነበር። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ከሌላው ትምህርት ጋር ጽሕፈትን ይይዛል፤ እጁ የቀና እንደሆነ ወደ ሥዕል ያልፋል። ስለዚህ ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ቄስ፣ መነኩሴ ወይም ደብተራ ነው። ያው ሰው ብራና ይጽፋል፣ ሐረግ ይጥላል፣ ለሕመምተኛም ጠልሰም ያለበት ክታብ ያዘጋጃል። የክታቡ ብራና ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ተለክቶ ይቀጣጠላል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ተብሎ ይታመናልና።

ደቀ መዝሙሩ መጀመሪያ የሚሠራው ሥዕል አይደለም። ቀለም ይፈጫል፣ ሙጫ ያፈላል፣ ግድግዳ ያለሰልሳል። ቀጥሎ የመምህሩን ሥራ ወይም በብራና ላይ ያለ የቆየ ሥዕልን እያየ ይገለብጣል። መገልበጥ እንደ ነውር አይታይም ነበር። የማርያምና የልጇ አቀማመጥ፣ የመላእክቱ ሰይፍ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ሁሉ ቀድሞ የታወቀ መልክ አላቸው፤ የሠዓሊው ፋንታ ያንን መልክ ሳያዛንፍ ማስተላለፍ ነው። የታወቀው መልክ ራሱ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የማርያም ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የማርያም ሥዕል ዋና ምሳሌ ሆኗል። በመቶዎች በሚቆጠሩ ቅጂዎች ውስጥ ከማለፉም የተነሳ ከየት እንደመጣ ተረስቶ የአገሩ ሥዕል ሆኖ ቀረ።

ሴቶች በዚህ የትምህርት ሰንሰለት ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ምእመኑ ባልም ቢሆን ገበሬ ወይም ወታደር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ካልሆነ በቀር ቀለም አይነካም። ሥዕል ለመማር የሚከፈለው ዋጋ ዓመታት ነበር፤ ዓመታቱንም የሚሰጠው ኑሮውን በሙያው ለመምራት የቆረጠ ሰው ብቻ ነው።

ቀለሙና ግድግዳው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደጋው የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ባብዛኛው ክብ ነው። ውስጡ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በመቅደሱ አራት ማዕዘን ግድግዳ የውጭ ገጽ ላይ ነው። ግድግዳው በጭድና በጭቃ ተመርጎ ይለሰልሳል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ በነጭ አፈር ወይም በጀሶ ይቀባና ለሥዕል ይደርሳል። ለእጅና ለአንገት የሚሆነው ትንሹ ሥዕል ደግሞ እንደ ወይራና ዋንዛ ባለ እንጨት ላይ በጀሶ ልባጥ ይሠራል።

ቀዩና ቢጫው ከአፈር፣ ጥቁሩ ከጥቀርሻ፣ ነጩ ከጀሶ ይገኛል። ሰማያዊው ከውጭ የሚመጣ ውድ ቀለም ስለነበር ልብሰ ማርያም በሰማያዊ የተጌጠበት ሥዕል የአሠሪውን አቅም ጭምር ያሳይ ነበር። ዱቄቱን የሚያጣብቀው ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ወይም እንቁላል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፋብሪካ የሠራው ቀለም በገበያ እየበዛ ሲመጣ ፍጭቱ ቀረ፤ የሥዕሉም መልክ ደመቀ።

ሠዓሊው በመጀመሪያ ቅርጹን በመስመር ያወጣል፤ ከዚያ የየልብሱንና የየገጹን ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻ መስመሩን እንደገና በጥቁር ያጠናክርና የቅዱሳኑን ስም በግእዝ ይጽፋል። በደጃፉ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቆማሉ፤ የቀረው ግድግዳ ለስቅለቱና ለትንሣኤው፣ ለማርያም ተአምራት፣ ለፈረሰኞቹ ሰማዕታት ይደለደላል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ታይቶ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉውና ጠላት የሆነው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመንም ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ ከዓይኑ ብዛት ይለያል።

ባልና ሚስት በግርጌ

አሠሪው በሥዕሉ ውስጥ የራሱ ቦታ ነበረው፤ ቦታውም ከታች ነው። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በጣና በናርጋ ሥላሴ ያለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ከማርያምና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ያንኑ ልማድ የየአገሩ ባላባትና ባለስለት ተከተለው። ባል በአንድ በኩል፣ ሚስት በሌላው በኩል፣ እጃቸውን ዘርግተው ወይም ተደፍተው ይሣላሉ፤ ከአጠገባቸው ስማቸውና «ተማኅፀነ» የሚለው የግእዝ ቃል ይጻፋል፤ ቅዱሱን መጠለያ ማድረጋቸውን ለማመልከት ነው። መልካቸው ከእነርሱ ጋር እንዲመሳሰል አይጠበቅም። ሰውየው የሚታወቀው በጋሻው፣ በካባው ወይም በስሙ፣ ሴትዮዋም በልብሷና በጌጧ ነው።

ሥዕል ማሠራት የጋብቻ ሥራ የሚሆንበት ምክንያት ነበረው። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ያፈሩት ሀብት የጋራ ስለሆነ ስለቱም የጋራ ይሆናል። ልጅ ያጡ፣ ከበሽታ የዳኑ ወይም እርጅና ላይ ደርሰው በቁርባን የተሳሰሩ ጥንዶች ለደብራቸው መጋረጃ፣ መጽሐፍ ወይም ሥዕል ይሰጣሉ። ሠዓሊው እስኪጨርስ ቀለብና ደመወዙን የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ጥንዶቹ ለሥዕሉ ያላቸው ድርሻ በዚህ ያበቃል።

የቤት ውስጥ ቀለም

ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩት የእጅ ሥራ በደጋው አልጠፋም፤ ግን ሱፍ እንጂ ሥዕል አልነበረም። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ላታምና ሻካራ ፀጉር ያለው ነው። ፀጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፤ ሴቶች ያዘጋጁትና በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከዚህ የሚወጡት ባና፣ ዝተትና በርኖስ ከመንዝ አልፈው በሌላውም አገር የታወቁ ናቸው። ቀለም የሚገኘው በብዛት ከበጉ ነው። ነጩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ ፀጉር ተለይቶ ይፈተላል፤ መስመር የሚሆነው እርሱው ነው። ባል የሚለብሰው ጥቁር በርኖስ ድርና ማጉ ከሚስት እጅ፣ ሽመናው ከወንድ እጅ ነው።

ጥንዶች ለመዝናናት ብለው ለብቻቸው ተያይዘው የመውጣት ልማድ ግን አልነበረም። ጋብቻው በቤተሰብ የተስማማ ነው፤ ወጣቶች የሚተያዩት በገበያ፣ በንግሥ፣ በጥምቀት ነው። ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውረው በዚያው በሰው መካከል ነበር። ከተጋቡ በኋላም የመውጫው ቀን የማኅበር፣ የሰንበቴ ወይም የሠርግ ቀን ነው፤ ባል ከወንዶች፣ ሚስት ከሴቶች ጋር ይቀመጣሉ።

ከአንኮበር ወደ አዲስ አበባ

በደጋው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ የሥዕል ሥራ በጉልህ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲደርስ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። በርናትስ ተራራውን፣ ገበያውንና የንጉሡን ሰፈር ፊት ለፊት እያየ ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 በለንደን ታተሙ። ስፍራውን ባለበት ቁጭ ብሎ መሣል ለአገሩ እንግዳ ሥራ ነበር፤ የአገሩ ሠዓሊ ቅዱሱን የሚሥለው ከምሳሌው ነበርና። በዚያው በ1841 በሌላ ዓለም የሆነ አንድ ነገር ለሥዕል ታሪክ ከዚህ ይበልጣል። ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የቀለም ቱቦ ፈለሰፈ። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ ታሽጎ ከተሸጠ፣ መፍጨትን ሳይማሩ መሣል ይቻላል። ደቀ መዝሙሩ በቀለም ድንጋይ ላይ ያሳልፋቸው የነበሩት ዓመታት በዚህ ተቆረጡ።

የሸዋ ቤተ መንግሥት ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1886 ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲወርድ ሠዓሊዎቹም ተከተሉት። አዲስ አሠሪም አገኙ፤ እርሱም የውጭ አገር ሰው ነበር። ዲፕሎማቱና ነጋዴው ለመታሰቢያ የሚገዛው የዐድዋ ጦርነት ሥዕልና በ44 ክፍል የተከፈለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በዚህ ዘመን ተስፋፋ። በዐድዋው ሥዕል ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን ተሣሉ፤ የግድግዳው ሕግ ወደ ገበያ ወጣ። ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሳሎን የሚሰቀል ዕቃ ሆነ።

ቀጣዩ እርምጃ የሥዕልን ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ማውጣት ነበር። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተልከው ዘመናዊ ሥዕል አጥንተው ከተመለሱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በሰሜን ሸዋ በአንኮበር በጥቅምት 1925 ዓ.ም. የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሥዕልን መረጠ፤ በለንደንም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። የአፍሪካ አዳራሽን የ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሠራው እርሱ ነው። በሰላሌ ፍቼ የተወለደው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ አስተምረዋል። ትምህርት ቤቱ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

ይህ ትምህርት ቤት ከደብሩ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ተማሪው ከምሳሌ መገልበጡን ትቶ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰውና ዕቃ አይቶ እንዲሥል ተጠየቀ። ሁለተኛ፣ በሩ ለሴቶች ተከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዷ ደስታ ሐጎስ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የግሏን ዐውደ ርእይ ያሳየች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሆኖም ትምህርቱ እንደ ጥንቱ ሁሉ ለባለሙያ የታሰበ ነበር፤ ተፈትኖ የሚገባበት፣ ለዓመታት የሚኖርበት።

የአንድ ምሽት ትምህርት

ለጀማሪ የሚሆነው፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቀው ትምህርት ሌላ ምንጭ አለው። በአሜሪካ ሠዓሊው ቦብ ሮስ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በ403 የቴሌቪዥን ክፍሎች፣ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ የተፈጥሮ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቶ አሳየ። ተመልካቹ ሥዕል በአንድ ጊዜ ተጀምሮ እንደሚያልቅ በዓይኑ አየ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአላባማ በርሚንግሃም ከተማ ደንበኞች መጠጥ ይዘው፣ መምህር እየተከተሉ የሚሥሉበት ቤት ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ በሉዊዚያና ተመሳሳይ ቤት ተከፍቶ ስሙንና አሠራሩን ለሌሎች እያከራየ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ጥንዶች ምሽታቸውን የሚያሳልፉበት አንዱ መንገድ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች ዞረ።

ይህን የሚቻል ያደረገው አክሪሊክ ቀለም ነው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናትን ይወስዳል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ግን በደቂቃዎች ይደርቃል። ጀማሪው ሰማዩን ቀብቶ ብዙ ሳይቆይ በላዩ ተራራውን ማስቀመጥ ይችላል። የተሳሳተውን ሲደርቅ ይሸፍነዋል። ሥዕሉንም ያንኑ ምሽት ተሸክሞ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለው ዝግጅት በሥዕል ማሳያዎች፣ በካፌዎችና በሆቴሎች ይካሄዳል። ከተማዋ ለጥንዶች የምሽት መውጫ ከሰጠች ቆይታለች። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ የተሸሸው ሲኒማ ኋላ የፍቅረኞች መገናኛ ሆኗል፤ ኬክ ቤቱም እንዲሁ። የሥዕል ምሽት ከእነዚህ የሚለየው ጥንዶቹ የሚያዩት ወይም የሚበሉት ነገር ሳይሆን የሚሠሩት ነገር ስላላቸው ነው። ሁሉም ሽርጥ ይታጠቃል፤ የተወጠረ ሸራ፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ፣ የውሃ ብርጭቆና ጥቂት ቀለም ይሰጠዋል። መምህሩ ያለቀለትን ሥዕል ከፊት ይሰቅላል። መጀመሪያ የጀርባው ቀለም፣ ቀጥሎ ትልልቁ ቅርጽ፣ ከዚያ ጥቃቅኑ፣ በመጨረሻ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ይሠራል። ለጥንዶች የሚዘጋጀው አንዳንዴ አንድ ሥዕል ለሁለት ሸራ ተከፍሎ፣ ግማሹን እርሱ፣ ግማሹን እርሷ የሚሠሩት ነው፤ ሁለቱ ሸራዎች ሲገጠሙ የአድማሱ መስመር ይጋጠም ወይም ይዘበራረቅ እንደሆነ ያኔ ይታያል። አንዳንዴም ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን መልክ ይሥላል።

አሠራሩ ሲታይ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይሆን ለደብሩ ይቀርባል። ምሳሌው ከፊት አለ፤ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ተማሪው የሚጠበቅበት መገልበጥ ነው። ልዩነቱ በጊዜው መጠንና በዓላማው ላይ ነው። ደቀ መዝሙሩ ለዓመታት የገለበጠው ሌላ ሰው የሚጸልይበትን ሥዕል ለመሥራት ነበር፤ ጥንዶቹ ለአንድ ምሽት የሚገለብጡት ራሳቸው የሚሰቅሉትን ለመሥራት ነው።

የቆየው ልማድም አልቀረም። በመንዝና በመርሐቤቴ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወይም አሮጌው ሲታደስ ሥዕሉ በዘይት ወይም በአክሪሊክ ቀለም ይሣላል፤ ብዙ ጊዜም በከተማ በሸራ ላይ አልቆ፣ ተጠቅልሎ በመኪና ይመጣና በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ወጪውን የሚችለው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖር የአገሩ ተወላጅ ሊሆን ይችላል። የባልና የሚስቱ ስም ግን ዛሬም፣ ከነልጆቻቸው፣ ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፋል። በከተማው የምሽት ትምህርት ጥንዶቹ ሸራቸውን ሲጨርሱ ስማቸውን የሚያሰፍሩት በዚያው በግርጌው ጠርዝ ነው፤ በደብሩ ግድግዳ ስሙ የአሠሪ ነው፣ በሸራው ላይ የሠሪ።